ስሞቹ ሲያልፉ ምን እናያለን? ስለ ፊልም መክፈቻ ታይትል

እውነቱን እንነጋገር። ፊልም ሲጀምር ስሞቹ እስኪያልቁ ድረስ አብዛኞቻችን ወይ ፈንዲሻ እናቀራርባለን፣ ወይ ሪሞቱን አንስተን እናሳልፋለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ባለፈው ሴሚስተር ለቪዲዮ ፕሮዳክሽን ኮርስ አምስት ሆነን ስለ አንዲት የጉሊት ነጋዴ የስምንት ደቂቃ ዶክመንተሪ ሠራን። ኤዲቲንጉ የኔ ድርሻ ስለነበር፣ ልናቀርብ አንድ ቀን ሲቀረን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስማችንን እንደነገሩ ለጠፍኩና ተኛሁ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሲታይ ለካስ ነጩ ጽሑፍ ነጭ ግድግዳ ላይ ነው ያረፈው! የካሜራ ማናችን (ሴት ብትሆንም የምንጠራት እንደዚያ ነው) ስም ሳይነበብ አለፈ። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ካሜራ ተሸክማ የዋለችው እሷ ነበረች። ምንም አላለችኝም፤ እኔን የባሰብኝም ዝምታዋ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ግን ኤዲተሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ የፊልም መጀመሪያ ሳይ አላሳልፍም። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

አሜሪካ ውስጥም ዱሮ ስሞቹን ከቁም ነገር የሚቆጥራቸው ብዙ ሰው አልነበረም። በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ዝርዝሩ የሚታየው ገና ባልተከፈተው መጋረጃ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሬሚንገር «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ግን ለፕሮጀክተር ሠራተኞች «ታይትሉ ሳይጀምር መጋረጃውን ክፈቱ» የሚል ማሳሰቢያ አብሮ ላከ። ታይትሉን የሠራው ሶል ባስ ነው። በ1920 ኒውዮርክ የተወለደ፣ ማስታወቂያና ፖስተር ሲሠራ የቆየ ግራፊክ ዲዛይነር ነበር። ፊልሙ ስለ አንድ ካርታ አከፋፋይ የሄሮይን ሱሰኛ ነው። ባስ ግን መርፌም፣ ካርታም፣ የተዋናይ ፊትም አላሳየም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ ዘንጎች በኤልመር በርንስታይን ጃዝ እየታጀቡ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ በመጨረሻ የተንጋደደ ክንድ ይሆናሉ። ሰውየው ካርታውን የሚያከፋፍለውም፣ መርፌውን የሚወጋውም ክንዱ ነዋ!

በ1960 ለአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» የሠራው ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። ግራጫ መስመሮች ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እየተወነጨፉ ስሞቹን ይሰነጥቋቸዋል፤ የበርናርድ ኸርማን ቫዮሊኖችም አብረው ይቆራርጣሉ። ፊደሎቹ ለምን እንደተሰነጠቁ የሚገባን ፊልሙ ሲያልቅ ነው። እዚህ ላይ ከኛ ሙያ ጋር ይለያያሉ። ዜና አጻጻፍ ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለውን መግቢያው ላይ አስቀድሙ ተብለን ተምረናል። ጥሩ ታይትል የሚያስቀድመው የታሪኩን ጠባይ እንጂ ታሪኩን አይደለም። አንዳንድ ፊልሞቻችን በመክፈቻው ላይ ዋና ዋና ትዕይንቶችን ቆራርጠው የሚያሳዩት ነገር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለኔ ጨዋታ ማበላሸት ነው።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የዴቪድ ፊንቸር «ሴቨን» ነው፤ 1995። ታይትሉን የመራው ካይል ኩፐር ሲሆን፣ ስሞቹ በእጅ የተጫሩና የሚንቀጠቀጡ ናቸው። ጣቶች ማስታወሻ ደብተር ይሰፋሉ፣ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ በምላጭ የጣት ቆዳ ይልጣሉ። ገዳዩን ፊቱን የምናየው ብዙ ቆይተን ነው፤ እጁን ግን ገና ከመጀመሪያው ተዋውቀነዋል። ገዳዩን የሚጫወተው የኬቪን ስፔሲ ስም መክፈቻው ላይ የለም። ሆን ተብሎ ለመጨረሻው ዝርዝር ተቀምጧል፤ ተመልካች ስሙን ካነበበ «መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይጠብቀዋላ። አንድ ስም መተው እንኳን ታስቦበት ሲሆን ሥራ ነው። የኔው ግን በእንቅልፍ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል እያቀያየረ ስምን ከሥራ ድርሻ ይለያል። እኛ ያ የለንም፤ በመጠን፣ በውፍረት ወይም በቀለም ነው የምንለየው። ደግሞ «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «በ»ን ከ«ቢ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥል ናት። ቀጭን ፎንት መርጠን ቶሎ ቶሎ ካስሮጥነው ቅጥሏ ትጠፋና የሰው ስም ይለወጣል። እኔ አሁን የምሠራበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ስሙን ድምፄን አውጥቼ ሳልቸኩል ሁለቴ አነበዋለሁ፤ እስክጨርስ ስክሪኑ ላይ ካልቆየ አጭር ነው ማለት ነው። ከዚያ ራቅ ብዬ ቆሜ አየዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አለና።

ባለፈው ሳምንት ያንን ዶክመንተሪ እንደገና ከፈትኩት። ግድግዳውን ተውኩት። እናትየዋ ጠዋት መደቧ ላይ ቲማቲም ስትደረድር የተቀረጸ፣ ያልተጠቀምንበት ቀረጻ ነበረን። አንድ መደብ በተደረደረ ቁጥር አንድ ስም ከጎኑ ይወጣል፤ ጨለም ያለ ጆንያ ላይ ስለሆነ በደንብ ይነበባል። የካሜራ ማናችን ስም የሚወጣው በመጀመሪያው መደብ ላይ ሲሆን አራት ሰከንድ ይቆያል። ገና አላሳየኋትም።