የስፖርት መኪና ፍሬን ሸራና ዲስክ ሲቀየር ምን ይመረጥ?

በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የሰሚት ፖይንት ዋና መሮጫ ዙሩ 3.2 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባው 10 ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚያስኬድ፣ በአዘቦት ቀን ወደ ሥራ የሚነዱትን መኪና ይዘው ቅዳሜና እሁድ ከፍለው ለመሮጥ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ የሚያበቃው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነው። ፍሬን በኃይል የሚረገጠውም፣ ደካማ ፍሬን የሚጋለጠውም እዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ሲደጋገም ሲሆን መልኩም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ይላል። ይህ ሸራው ከሚችለው ሙቀት በላይ መሄዱን ያሳያል። ሁለተኛው፣ ፔዳሉ ይላላና ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ይህ የፍሬን ዘይቱ መፍላቱን ያሳያል፤ ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ የእግር ግፊት ሸራውን ከሚገፋው ፒስተን ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱን ሳይለይ ዲስክ የሚገዛ ሰው ብዙ ከፍሎ ችግሩን እንዳለ ይዞት ይመለሳል።

የምርጫው ሁሉ ሥር ሙቀት ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የያዘው ጉልበት 2.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ከቧንቧ የተቀዳ 7 ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሙቀት ሆኖ በአብዛኛው ወደ ሁለቱ የፊት ዲስኮች ይገባል። ፍጥነቱ 100 ቢሆን ግን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በከተማ ለዓመታት ያላሳፈረ ሸራ በመሮጫ ሜዳ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

1. መኪናው የት እንደሚነዳ መለየት

ከሱቅ በፊት መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎች አሉ፤ መኪናው ስንት ይመዝናል? ከምን ያህል ፍጥነት ላይ ይቆማል? በምን ያህል ጊዜ ልዩነት? ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ከ1,100 ኪሎ በታች ነው፤ ዶጅ ቻሌንጀር ሄልካት ደግሞ ወደ 2,000 ኪሎ ይጠጋል። ለመጀመሪያው ጥሩ ሸራና ጥሩ ዘይት ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን የዲስኩ ስፋትና በአየር የሚቀዘቅዝበት መንገድ ጭምር ይታሰብበታል።

ግምት ካላረካ ሙቀቱን መለካት ይቻላል። በዲስክ ጠርዝ ላይ የሚቀቡ ሦስት ዓይነት የሙቀት ቀለሞች ይሸጣሉ፤ አረንጓዴው በ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 መልካቸውን ይቀይራሉ። ከአንድ ቀን ሩጫ በኋላ የትኛው እንደተቀየረ ማየት ዲስኩ የት ድረስ እንደሞቀ ይናገራል፤ ሸራም የሚመረጠው በዚያ ነው።

ቁልቁለት ሌላ ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። ያንኑ 1,500 ኪሎ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ይዞ ማውረድ 14.7 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ያወጣል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ስድስት ጊዜ ከመቆም ይበልጣል። በኮሎራዶ ከፓይክስ ፒክ ተራራ የሚወርዱ መኪኖችን ጠባቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው የፍሬናቸውን ሙቀት የሚለኩትም ለዚህ ነው። የቁልቁለት መድኃኒቱ ውድ ሸራ ሳይሆን ዝቅተኛ ማርሽ ነው።

2. ትክክለኛውን ልክ ማወቅ

የመኪናውን ስምና የተሠራበትን ዓመት ብቻ ለሻጩ መንገር አይበቃም። የ2016 ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ለምሳሌ በመደበኛው ፍሬን የፊት ዲስኩ 258 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የብሬምቦ ፍሬን ተመርጦለት ከፋብሪካ የወጣው 280 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙም ዓመቱም አንድ፣ ዕቃው ግን የተለያየ። ስለዚህ በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት፣ ከዚያም አሮጌውን ፈትቶ ከአዲሱ ጎን ለጎን ማስተያየት ግድ ነው። ትልቅ ዲስክና ካሊፐር (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ለመግጠም ያሰበ ሰው ደግሞ ቸርኬው ውስጥ መግባታቸውን አስቀድሞ ይለካ፤ ከተገዙ በኋላ ቸርኬ መቀየር ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል።

3. ሸራውን መምረጥ

በፍሬን ላይ አንድ ነገር ብቻ ለመቀየር አቅም ያለው ሰው ሸራውን ይቀይር። ከማንኛውም ሌላ ዕቃ ይልቅ የመኪናውን አቋቋም የሚለውጠው እሱ ነው።

በሱቅ የሚገኙት በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ኦርጋኒክ የሚባለው ለስላሳና ዝምተኛ ነው፤ ሲግል ግን ቶሎ ይዝላል። ሴራሚክ የሚባለው አቧራው ትንሽ፣ ጩኸቱም ጥቂት ስለሆነ ለዕለት ተዕለት መኪና ይመቻል፤ እጅግ ውድ ከሆነው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ከፊል ብረት የሆነው ከፍ ያለ ሙቀት ይችላል፤ በአንጻሩ ቸርኬ ያጠቁራል፣ ዲስክም ይበላል። ለስፖርት መኪና የሚሠሩት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

ዓይነቱን ከማወቅ ይልቅ የሚጠቅመው አምራቹ የጻፈውን የሙቀት ክልል ማንበብ ነው። እንደ ሆክ ዲ ቲ ሲ-60 ያለ የውድድር ሸራ በጋለ ጊዜ የሚተማመኑበት ነው፤ በማለዳ ከቤት ወጥቶ የመጀመሪያው መብራት ላይ ለሚቆም ሰው ግን አልተሠራም። ቀዝቃዛ እንዳለ ይጮኻል፣ ዲስኩንም እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። እንደ ፌሮዶ ዲ ኤስ 2500 ያሉ መካከለኞች ከከተማም ከመሮጫም ጥቂት ጥቂት ይሰጣሉ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለሚሮጥ ሰው መካከለኛው ይበቃዋል። አዘውትሮ ለሚሮጥ ግን ሁለት ስብስብ ሸራ መያዝና ከሩጫ በፊት መቀየር ይሻላል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ጎማ ከወለቀ በኋላ ሸራ መቀየር ረጅም ሥራ አይደለም።

በአሜሪካ በሚሸጥ ሸራ ጎን ላይ ከታተመው ረጅም ኮድ ውስጥ ሁለት ፊደላት የመያዝ ኃይሉን፣ ማለትም የሰበቃ መጠኑን፣ ይገልጻሉ። የመጀመሪያው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን ነው፤ ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ ሸራው በሙቀት ይዝላል። ይሁንና ፊደላቱ የሚሰጡበት ፈተና የሚደርሰው እስከ 343 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ዲስኩን 600 ለሚያደርስ ነጂ ፊደሉ ብዙም አይነግረውም። ከዚያው አጠገብ ኤ፣ ቢ ወይም ኤን የሚል ምልክት ይኖራል፤ እሱ የመዳብ መጠንን ያሳያል። ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣችው ሕግ ከ2025 ጀምሮ ለመንገድ መኪና የሚሸጥ ሸራ ከግማሽ በመቶ በላይ መዳብ እንዳይኖረው ወስናለች። መዳብ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ አምራቾች ቅመማቸውን መለወጥ ነበረባቸው። ስለዚህ ስለ አንድ ሸራ ከብዙ ዓመት በፊት የተነገረ ምስጋና ዛሬ በዚያው ስም ለሚሸጠው ላይሠራ ይችላል።

በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ ደግሞ በክብ ውስጥ የተጻፈውን የኢ ምልክትና አር 90 የሚለውን ይፈልግ። ደንቡ መተኪያው ሸራ ከፋብሪካው ጋር ሲነጻጸር የመያዝ ኃይሉ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ ያስገድዳል። በጀርመን ያልተፈቀደ ሸራ ገጥሞ መንገድ ላይ መውጣት የመኪናውን ፈቃድ ያሳጣል።

የፊትና የኋላ ሸራ ከአንድ ቤተሰብ ቢሆኑ ይመረጣል። የኋላው ከፊተኛው በጣም ከበረታ፣ መኪናው ፍሬን ተይዞ ወደ ኩርባ ሲገባ ኋላው ይሸሻል። ኤ ቢ ኤስ ይህን በከፊል ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

4. ዲስኩን መምረጥ

በቅድሚያ አሮጌው መቀየር ያስፈልገው እንደሆነ ይለካ። ከዚህ በታች መቅጠን የለበትም የሚለው ልክ በዲስኩ ላይ ራሱ ተቀርጿል። ያለቀ ዲስክ ዳር ዳሩ ላይ ከንፈር ስለሚያወጣ፣ ከንፈሩን ይዞ የሚለካ ሰው ወፍራም ነው ብሎ ይሳሳታል፤ ማይክሮሜትሩ ከጠርዙ ገባ ብሎ ሸራው የሚነካውን ቦታ መያዝ አለበት፣ ያውም ዙሪያውን በተለያየ ቦታ። ቶርኖ ቤት ማስጠረብም ዲስኩን ያቀጥነዋል። የቀጠነ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት አካል ስላነሰው ለስፖርት መኪና አይመከርም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ያለው ዲስክ ዓይን ይስባል፤ በዝናብ ጊዜም ውሃውን ለመጥረግ ይረዳል። ነገር ግን በተደጋጋሚ ሲግልና ሲበርድ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ነው፤ በርካሽ በተሠሩት ላይ ደግሞ ቶሎ። ለመሮጫ ሜዳ ከአስተማማኝ አምራች የተገዛ፣ ፊቱ ልሙጥ የሆነና በውስጡ አየር የሚያሳልፍ ዲስክ በዋጋም በዕድሜም ይበልጣል። ሸንተረር ያለው ዲስክ የሸራውን ፊት እየጠረገ ያድሰዋል፤ በምትኩ ሸራውን ትንሽ ቶሎ ይጨርሳል።

በውስጣቸው ያሉት የአየር መንገዶች ጠመዝማዛ የሆኑ ዲስኮች ግራና ቀኝ አላቸው። ዲስኩ ወደፊት ሲዞር የመንገዶቹ የውጭ ጫፍ ወደ ኋላ ያጋደለ መሆን አለበት፤ አየር ከመሃል ስበው ወደ ውጭ የሚገፉት እንዲያ ሲሆን ነው። በላዩ ላይ የሚታየው ሸንተረር ወዴት እንዳዘነበለ አይቶ መግጠም ስህተት ነው፤ የሚወስነው ውስጡ ነው።

መሃሉ ከአሉሚኒየም፣ ቀለበቱ ከብረት የሆነ ሁለት አካል ያለው ዲስክ ክብደት ይቀንሳል፤ አዘውትሮ ለሚሮጥ ሰው ቀለበቱን ብቻ መቀየር ስለሚያስችል ወጪውን ውሎ አድሮ ይመልሳል። ፖርሽ በ2001 በ911 ጂ ቲ 2 ላይ ያወጣው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ከብረቱ በግማሽ ያህል ይቀላል። ማለቁ የሚታወቀው ግን በዋነኛነት በውፍረት ሳይሆን በሚዛን ነው፤ ዝቅተኛው ክብደት በዲስኩ ላይ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዲስኮቹ ተፈትተው ይመዘኑልኝ ቢል ያምርበታል።

5. ዘይቱ

ለፔዳል መስመጥ መፍትሔው እዚህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚል ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ፣ ውሃ ከሳበ በኋላ ቢያንስ እስከ 155 ዲግሪ እንዳይፈላ ደረጃው ይጠይቃል። እንደ ሞቱል አር ቢ ኤፍ 600 ያሉ የውድድር ዘይቶች አዲስ ሳሉ ከ300 ዲግሪ ያልፋሉ። ዋጋቸው ከአንድ ዲስክ ያነሰ ነው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

6. አገጣጠሙ

መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በብረት ድጋፍ ላይ ይቁም። አዲሱ ዲስክ የመጣበት የዝገት መከላከያ ቅባት በፍሬን ማጽጃ ይታጠብ። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሞዞው፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ዝገት እንኳ ዲስኩን ያጋድለዋል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይጽዳ። ዲስኩ በዳዶ ከተያዘ በኋላ በመለኪያ ሲዞር ውልግድናው ለብዙ መኪኖች ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይጽዱና ለእነሱ የተሠራ ግሪስ ይቀቡ። የጎማ ዳዶዎች በቶርክ ቁልፍ፣ በአንጻር በአንጻር ይጠበቁ።

7. ማላመድ

አዲስ ሸራ በዲስኩ ላይ ስስና እኩል የሆነ ሽፋን ካልጣለ በሙሉ ኃይሉ አይይዝም። የአምራቹ መመሪያ ይቅደም፤ የተለመደው ግን ባዶና አስተማማኝ መንገድ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ገደማ፣ ኤ ቢ ኤሱን ሳይቀሰቅሱ ስምንት አሥር ጊዜ አጥብቆ መያዝ ነው። ጨርሶ መቆም የለም። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ለደቂቃዎች እየነዱ ማቀዝቀዝ ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳል ረግጦ መቆም ሸራው ባለበት ቦታ ብቻ ንጥረ ነገሩን እንዲያትም ያደርጋል፤ በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

መካኒኮች ይህን ሲያዩ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ተጣሟል ይላሉ። በፎርድ ጂ ቲ 40 የለ ማን ዘመቻ ከካሮል ሼልቢ ጋር የሠራው መሐንዲስ ካሮል ስሚዝ በዚህ አባባል አይስማማም ነበር፤ መንቀጥቀጡ የሚመጣው እኩል ካልተቀባ የሸራ ንጥረ ነገር መሆኑን ጽፎ አስረድቷል። የሸራ ዓይነት ሲቀየርም አሮጌው ሽፋን ከዲስኩ ላይ በብርጭቆ ወረቀት መነሳት ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመጀመሪያው የሩጫ ቀን በኋላ ጎማዎቹ ወልቀው ይታዩ። በዲስኩ ፊት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች የተለመዱ ናቸው፤ ጥፍር የሚይዝ ወይም ከውጭ ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ያለበት ዲስክ ግን ዕለቱን ይጣል። ውፍረቱ ከግማሽ በታች የወረደ ሸራም በከተማ ገና ያገለግላል፤ ወደ መሮጫ ሜዳ ግን አይመለስ፣ ሙቀቱን ሳያቆይ ለፒስተኑና ለዘይቱ ስለሚያሳልፍ።