ጉድጓዱ ሲነጥፍ ውኃው የት ሄደ?

በበጋ መጨረሻ ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው መስማት የማይፈልገው አንድ ድምፅ አለ። በገመድ የወረደው ጀሪካን ውኃ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው የተለመደ ድምፅ ይቀርና ፕላስቲኩ ከጠጠር ጋር ሲጋጭ ይሰማል። በሰሜን ወሎ ዞን፣ በሀብሩ ወረዳ፣ በግራና አካባቢ በግቢው ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ያለው ቤተሰብ ይህን ድምፅ በሰማ ዕለት ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ጉድጓዱን ያጥልቀው? ያስፋው? ሌላ ይቆፍር? ወይስ ፓምፕ ይግዛ? የተሳሳተ ውሳኔ ገንዘብና ጉልበት ያባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ያስከፍላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው አንድ ነገር ነው። «ጉድጓዱ ደረቀ» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራል። የእያንዳንዱ መፍትሔ የተለየ ነው፤ ችግሩን ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን አንድ ገመድና አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ዕውቀትም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙም አያልፍም።

የሸለቆው ከርሰ ምድር

የቆቦና የግራና ሸለቆ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጠርዝ ላይ፣ የመሬት ቅርፊት ተሰንጥቆ በመስመጡ የተፈጠረ ነው። በስተ ምዕራብ በኩል ከባዛልት የተሠራው የወሎ ከፍተኛ ምድር እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከዚያ የሚወርዱት ጎርፎችና ወንዞች በረጅም ዘመን ያመጡት ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ሸለቆውን ሞልቶታል። ጎርፍ ኃይሉ ሲደክም በመጀመሪያ ከባዱን ስለሚጥል ጠጠሩና ሸካራው አሸዋ ከተራራው ግርጌ ይቀራል፤ ደቃቁ አሸዋና ሸክላው ግን ወደ ሜዳው መካከል ይዘልቃል።

የከርሰ ምድር ውኃ ብዙዎች እንደሚገምቱት ከመሬት በታች የሚፈስ ወንዝ ወይም የተኛ ሐይቅ አይደለም። በአሸዋና በጠጠር ቅንጣቶች መካከል፣ እንዲሁም በአለት ስንጥቆች ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ የሞላ ውኃ ነው። ክፍት ቦታዎቹ ሙሉ በሙሉ በውኃ የተሞሉበት ክፍል የላይኛው ወሰን የውኃ ጠለል ይባላል። ጉድጓድ ማለት እንግዲህ ይህን ጠለል አልፎ የወረደ ቀዳዳ ነው።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ለመስኖ መዋላቸው በደለሉ ውስጥ ብዙ ውኃ መኖሩን ያሳያል። የአንድ ቤተሰብ የእጅ ጉድጓድ ግን የሚደርሰው የዚህን ማጠራቀሚያ የላይኛውን ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠለሉ በጥቂት ሜትር ሲወርድ፣ ከሥሩ ብዙ ውኃ እያለ ጉድጓዱ ይነጥፋል።

ጠለሉ በምን ያህል ይወርዳል?

የከርሰ ምድር ውኃ እንደ ባንክ ሒሳብ ነው። ገቢው ወደ መሬት የሰረገ ዝናብና ጎርፍ ሲሆን፣ ወጪው ወደ ወንዝና ወደ ቆላ የሚሄደው፣ ሥሮች የሚመጡትና ሰው የሚቀዳው ነው። ዝናብ ቢቀርም ወጪው አይቆምም።

በቁጥር እንመልከተው። ከአንድ ሜትር ኩብ አሸዋማ ደለል ውስጥ በስበት ኃይል ሊወጣ የሚችለው ውኃ የይዘቱ 10 በመቶ ነው እንበል። በአንድ ክረምት ወደ ጠለሉ መድረስ የነበረበት 100 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢቀር፣ 0.1 ሜትርን ለ0.1 ስናካፍል 1 ሜትር እናገኛለን። ጠለሉ ሊኖርበት ከሚገባው ቦታ በ1 ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። በተሰነጣጠቀ ባዛልት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ከሆነና ስንጥቆቹ የይዘቱን 1 በመቶ ብቻ የሚይዙ ከሆነ፣ ያው 100 ሚሊ ሜትር ጉድለት ጠለሉን በ10 ሜትር ያወርደዋል። አንዱ የደረሰበት ድርቅ ለጎረቤቱም ያው ሆኖ ሳለ፣ የአንዱ ጉድጓድ ነጥፎ የሌላው የሚተርፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በረሃብ ክፉኛ የተጎዳው ወሎ፣ በ2007 ዓ.ም.ም በልጉ ተዛብቶበት፣ ክረምቱም ከኤልኒኖ ጋር ተያይዞ ደካማ ሆኖበታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አዝመራው ወዲያው ሲጎዳ የጉድጓዱ ውኃ ግን ለወራት ሊዘገይ ይችላል። ዝናብ ሲመለስም ሁኔታው ይገለበጣል። የመጀመሪያውን ዝናብ የደረቀው አፈር ስለሚመጠው፣ መስኩ አረንጓዴ ከለበሰ በኋላም ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ሊሰነብት ይችላል።

ገመድና ድንጋይ

ንጹሕ ገመድ ወስደን በየግማሽ ሜትሩ እንቋጥረው፤ ጫፉ ላይም የታጠበ ድንጋይ እንሰር። ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ድንጋዩ የጉድጓዱን ወለል እስኪነካ እናውርደው። የወረደው ርዝመት የጉድጓዱ ጥልቀት ነው። ገመዱ ሲወጣ የረጠበው ክፍል ደግሞ የውኃውን ከፍታ ይነግረናል። ማታ እንደገና እንለካ። ውጤቱ ከሚከተሉት አንዱን ያሳየናል።

አንደኛ፣ ገመዱ ማለዳም ማታም ደረቅ ከሆነ ጠለሉ ከጉድጓዱ ወለል በታች ወርዷል። መፍትሔው ማጥለቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ማለዳ ውኃ ኖሮ ከቀትር በኋላ የሚያልቅ ከሆነ ጠለሉ አሁንም ከወለሉ በላይ ነው፤ የዘገየው ውኃው ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ፍጥነት ነው። ቀድሞ 11 ሜትር የነበረው ጥልቀት አሁን 10 ሜትር ከሆነም አንድ ሜትር ደለል ገብቶበታል ማለት ነውና የሚያስፈልገው መጥረግ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ገመዱ በቂ ውኃ እያሳየ ፓምፑ የማያወጣ ከሆነ ችግሩ ከጉድጓዱ ሳይሆን ከፓምፑ ነው።

በሁለተኛው ሁኔታ ላይ ጥቂት እንቆይ። የጉድጓዱ ስፋት ዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ቢሆን የወለሉ ስፋት 0.785 ሜትር ካሬ ነው። ከተቀዳ በኋላ ውኃው በአንድ ሰዓት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ የገባው ውኃ 39 ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ስድስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢያስፈልገው ስድስት ጀሪካን ይበቃዋል። ስለዚህ «ደረቀ» የተባለው ጉድጓድ ቤተሰቡን ሊያጠጣ ይችላል፤ ከብቶቹን ግን ላይችል ይችላል።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 እንዳስረዳው፣ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ፍሰት ከከፍታው ልዩነት ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ውኃው በፍጥነት ይገባል፤ ወደ ጠለሉ ሲቃረብ ግን ፍሰቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የፊዚክስ ተማሪዎች ካፓሲተር ቻርጅ ሲደረግ የሚያዩት ኩርባ ይኸው ነው። ከዚህም ጠቃሚ ምክር ይገኛል። ዝግ ብሎ የሚሞላ ጉድጓድን በቀን አንዴ አሟጦ ከመቅዳት፣ ያንኑ ሥራ ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ከፋፍሎ መቅዳት በጠቅላላው የበለጠ ውኃ ያስገኛል።

ማጥለቅ ወይስ ማስፋት?

ብዙ ሰው ጉድጓዱ ሲያንስበት ለማስፋት ያስባል። ውኃ በጎን በኩል በሚገባበት ጉድጓድ ግን ፍሰቱ የሚወሰነው በሬዲየሱ ሎጋሪዝም ነው። ጉድጓዱ የሚስብበት ክልል እስከ 100 ሜትር ይደርሳል ብለን ሬዲየሱን ከግማሽ ሜትር ወደ 1 ሜትር ብናሳድግ፣ የሚቆፈረው አፈር አራት እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ የሚጨምረው ግን 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማስፋት የማጠራቀሚያውን መጠን ያሳድግ እንደሆነ እንጂ ምንጩን አያበረታውም።

በአንጻሩ ግማሽ ሜትር ውኃ የቀረውን ጉድጓድ በ1 ሜትር ብናጠልቀው፣ ፍሰቱን የሚገፋው የከፍታ ልዩነት ከ0.5 ወደ 1.5 ሜትር ያድጋል፤ አፈሩ ተመሳሳይ ከሆነ ፍሰቱም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ቁፋሮው ሸክላ ላይ ካረፈ ግን ይህ ተስፋ አይሠራም። የተመረጠው የማጥለቂያ ጊዜም ጠለሉ እጅግ የሚወርድበት፣ በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ ያለው የግንቦትና የሰኔ ወቅት ነው። ውኃ በሞላበት በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ ለሚቀጥለው በጋ ዋስትና አይሆንም።

ፓምፑ የማይስበው ጥልቀት

ሦስተኛውን ችግር ለመረዳት ወደ ጣሊያን እንሂድ። ጋሊሊዮ በዘመኑ የነበሩ ፓምፖች ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ መሳብ እንደማይችሉ አስተውሎ ነበር። ምክንያቱን የገለጠው ተማሪው ቶሪቼሊ ነው። ፓምፕ ውኃን አይጎትትም፤ ከቱቦው ውስጥ አየሩን ያስወግዳል እንጂ። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ፣ ይህም ከግራና ሜዳ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ፣ የአየር ግፊት 84,500 ፓስካል ያህል ነው። ይህን ለውኃ እፍግታ (1,000) እና ለስበት ፍጥንጥነት (9.8) ብዜት ስናካፍል 8.6 ሜትር እናገኛለን። ይህ በሐሳብ ደረጃ ያለው ጣሪያ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃና የአየር መሹለክ ሲታሰብ በተግባር ከ6 ሜትር ብዙ መዝለል ያስቸግራል። ስለዚህ ውኃው 9 ሜትር ላይ ላለ ጉድጓድ ከላይ የሚቀመጥ ሞተር ፓምፕ፣ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ ውኃ አያወጣም። ለዚህ የሚሆነው ውኃው ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋ ፓምፕ፣ ወይም ገመድ ፓምፕ፣ ወይም ባልዲና ገመድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት

ይህን የማያውቅ ሰው አንድ መላ ይዘይዳል፤ የቤንዚኑን ሞተር ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ውኃውም ይወጣል። ነገር ግን ሞተሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደው ሰው ይወድቃል፤ እርሱን ሊያወጣ የሚወርደው ወንድሙም ይከተለዋል።

ሞተር ባልገባበት ጉድጓድም አደጋ አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ (የሞለኪዩል ክብደቱ 44፣ የአየር አማካይ ደግሞ 29 ነው) ከታች ሊጠራቀም ይችላል። በልማድ ኩራዝ ወይም ሻማ አውርዶ መፈተን አለ። እሳቱ ከጠፋ በእርግጥ መውረድ አይገባም፤ አለመጥፋቱ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ አለመኖሩን ፈጽሞ አያረጋግጥም። ስለዚህ ሞተርን ከቶ ወደ ጉድጓድ አለማውረድ፣ ቆፋሪው ሳይወርድ በፊት ጉድጓዱን በደንብ ማናፈስ፣ ወገቡን በገመድ ማሰርና ከላይ የሚጎትቱ ሰዎች ማቆም፣ ግድግዳው ልቅ አሸዋ ከሆነም በኮንክሪት ቀለበት እየደገፉ መውረድ ያስፈልጋል። የወደቀ ሰው ካለ ወዲያው በገመዱ ይጎተታል እንጂ ሌላ ሰው አይወርድለትም። ሥራው ሲያልቅ ውኃው ከመጠጣቱ በፊት በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምክር በክሎሪን ይታከም።

የጎረቤት ጉድጓድ

ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ውኃ ሲቀዳ በዙሪያው ያለው ጠለል ተገልብጦ የተሰቀለ የጎጆ ክዳን የመሰለ ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል። የሁለት ጎረቤታሞች ሾጣጣዎች ሲነባበሩ ጉድለታቸው ይደመራል። እንግዲህ አንዱ ለመስኖ ቀኑን ሙሉ ሲስብ የሌላው የመጠጥ ጉድጓድ ያለ ድርቅም ሊነጥፍ ይችላል። የወንዝ ውኃን በተራ የሚያከፋፍል የውኃ አባት የመሾም ልማድ በአማራ ገጠር ቆይቷል። ከመሬት በታች ያለው ውኃም የጋራ ስለሆነ ያው ሥርዓት ይገባዋል። በየዓመቱ በበጋ የሚሠራው እርከንና የጎርፍ ጠለፋም እንዲሁ ለእርሻው ብቻ አይደለም፤ ሮጦ ወደ ቆላ የሚያልፈውን ጎርፍ አዘግይቶ የጉድጓዱን ሒሳብ ገቢ ያሳድጋል።

መልመጃ

1. የጉድጓዱ ስፋት ዳር እስከ ዳር 1.2 ሜትር ሆኖ ውኃው በአንድ ሰዓት 8 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር፣ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል?

2. በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት 79,500 ፓስካል ያህል ነው። ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ በሐሳብ ደረጃ ከስንት ሜትር መሳብ ይችላል?

3. በየሳምንቱ አንድ ቀን ማለዳ የቤታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ጉድጓድ ለክታችሁ ውጤቱን በግራፍ አስቀምጡ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው መስመር ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ሳምንት አስቀድሞ ያሳያችኋል። ቤተሰቡ የጀሪካኑን ድምፅ እስኪሰማ ሳይጠብቅ፣ ገና ውኃ እያለ መምከር ይችላል።