ከአጎቴ ፔጆ ኮፈን ሥር፦ የዘይት ማጥመጃ ጣሳ አሠራር

የዛሬውን ትምህርት ያገኘሁት ከክፍል ሳይሆን ክረምት ላይ ሐረር ቤተሰብ ጋ ሄጄ ከአጎቴ ፔጆ 404 ኮፈን ሥር ነው። ሐረርን የሚያውቅ እነዚህን መኪኖች ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ የቀረቡ ናቸው፤ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፈዋል። እኛ ጋ ደግሞ ባጃጅ ሳይመጣ ከፈረስ መጋላ ሰው ሲያመላልሱ ኖረዋል። የአጎቴ መኪና ግን ዳገት ስትወጣ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ነበር። «ኢንጂነሪንግ ትማር የለ? ይህን ጭስ አጥፋልኝና ልሽጣት» አሉኝ።

ጭሱ ከየት ይመጣል? ፒስተኑ ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ የሚባሉት፣ አዲስ ሆነውም ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። ነዳጁ ሲቃጠል ጥቂት ጋዝ በጎናቸው ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ታች ይወርዳል። ያ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። ድሮ መተንፈሻ ቱቦው በቀጥታ ወደ መንገድ ይለቀው ነበር፤ የአየር ብክለት ማሳሰብ ሲጀምር ግን ተመልሶ በአየር ማስገቢያው በኩል ሞተሩ ውስጥ እንዲቃጠል ተደረገ። ታዲያ ጋዙ ብቻውን አይመለስም፤ የዘይት ጉምና የውሃ እንፋሎት ይዞ ነው። ፋሻው ባረጀ ቁጥር ጉሙ ይበዛል። ፊልትሮውን ያርሳል፣ ካርቡራቶሩን ያቆሽሻል፣ ካንዴላው ላይ ጥቀርሻ ይጋግራል፣ የቀረውም በሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

ማጥመጃው በመተንፈሻው ቱቦና በአየር ፊልትሮው መካከል የሚገባ ጣሳ ነው። ጋዙ ከጠባብ ቱቦ ወደ ሰፊ ክፍል ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቀዝቃዛ ብረት ይነካል፣ ጠብታው ተለይቶ ይወርዳል። እኔ አንድ ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብረት ጣሳ ወሰድኩ። ክዳኑ ላይ ሁለት አጫጭር ቧንቧዎች አስበየድኩ። መግቢያው ወደ ውስጥ ረዘም ይላል፣ መውጫው ከክዳኑ ጋር እኩል ነው። መሃል ላይ የተበሳሳ ላሜራ፣ ከላዩ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ ከሥር ደግሞ የማፍሰሻ ቡሎን አደረግሁ። ሽቦው ረጃጅሙና የማይዝገው ዓይነት ይሁን፤ ጥጥ የሚመስለው ሽቦ ተበጣጥሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚያስሩ አይቻለሁ። በሙቀት ይቀልጣል፣ የዘይት ጉም ደግሞ እሳት ይወዳል። ጣሳውም ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ ይታሰር።

መጀመሪያ የሠራሁትን አበላሸሁ። ብዙ ሽቦ ከጠቀጠቅሁ ብዙ ዘይት ይያዛል ብዬ አሰብኩ፤ ቱቦውንም ርካሽ ስለነበር ቀጭን ገዛሁ። በማግስቱ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተገፍቶ ወጥቶ፣ ሞተሩ ጎኑ በዘይት ርሶ አገኘነው። መተንፈሻውን አፍኜዋለሁ! ትንሽ ብቆይ የዘይት መከላከያ ጎማዎቹን ባፈነዳሁ ነበር። የቱቦው ውስጠኛ ስፋት ከፋብሪካው ቱቦ እንዳያንስ፣ ሽቦውም አየር የሚያሳልፍ ልል ይሁን። ቱቦው ዘይት የሚቋቋም ጎማ ይሁን፤ ተራ የውሃ ጎማ ያብጣል።

በሳምንቱ ጣሳውን ስንከፍተው ሆጃ የመሰለ ነገር ወጣ። አጎቴ ደነገጡ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል፤ አብዛኛው በጭስ ማውጫ ሲሄድ ጥቂቱ በፋሻው ጎን ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ከፈረስ መጋላ ሸዋ በር እያሉ አጭር አጭር ሲነዱ፣ በተለይ በብርዱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚቆም ውሃው ከዘይት ጋር ይደባለቃል። ድሬዳዋ ደርሰን ስንመለስ የተጠራቀመው ጥቁር ዘይት ብቻ ነበር። (ያወጣችሁትን ሰፈር ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ በጀሪካን አጠራቅሙት። ውዱእ ከማድረጋችሁ በፊትም እጃችሁ ላይ የጋገረውን ግራሶ በሳሙና አስለቅቁ፤ ውሃ ቆዳ ላይ እንዳይደርስ ይከለክላል።)

ጭሱ በጣም ቀነሰ። ያኔ ነው ያሳሰበኝ። ጣሳው ፋሻውን አላደሰም፤ የሚቃጠለውን ዘይት ከመንገድ ላይ ለቀመ እንጂ። በየሳምንቱ የማወጣው መጠን ሲጨምር በደብተሬ እየጻፍኩ ነበር። ሞተሩ መውረድ እንዳለበት ቁጥሩ ይናገራል፤ የጭስ ማውጫውን ብቻ የሚያይ ገዢ ግን አያውቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ሐዲስ መድረሳ ስንቀራ ሁላችንም ሰምተናል። ለአጎቴ እሱን ማስታወስ ከበደኝ፤ የቤተሰብ ገንዘብ ነው፣ ጣሳውን የሠራሁትም እኔ ነኝ። ደብተሩን ብቻ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

ገዢው ሲመጣ ሞተሩን አስነስተው የዘይት መሙያውን ክዳን ራሳቸው ከፈቱለት። በዚያ በኩል ጋዙ እንደ ጀበና ጢስ ሲወጣ ይታያል፤ አሮጌ መኪና ስትገዙ እናንተም ይህን አስከፍቱ። ዋጋው ወረደ፣ አጎቴም ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ሰውየው ግን መኪናዋን ወሰዳት። ከመሄዱ በፊት የጠየቀኝ ጣሳው በስንት ቀኑ እንደሚፈስ ነበር፤ ደብተሩን ሰጠሁት።