ደረጃ ዘሎ ግራ ለገባው ወጣት

 

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ መራዊ ወደ ቤተ ሰቦቼ በሄድኩ ጊዜ ታናሽ ወንድሜን ስልኩን ይዞ ሲተክዝ አገኘሁት። በኢንተርኔት ከሌሎች ልጆች ጋር የሚጫወተው የውጊያ ጨዋታ አለ። ጓደኞቹ ከፍ ካለ ደረጃ ስለ ደረሱ ወደ ኋላ መቅረቱን አልወደደም፤ ስለዚህ አንድ የሠለጠነ ልጅ በተጫወተበት ስም ገብቶ ታችኛዎቹን ደረጃዎች በሙሉ ዘለላቸው። ሰይፉም፣ ጥሩሩም፣ ልዩ ልዩ ችሎታውም ተሟልቶ ጠበቀው። ነገር ግን የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ይሸነፋል፤ አብረውት የተሰለፉትም ይቆጡታል። «ጨዋታው አይረባም፤ ልተወው ነው» አለኝ።

እኔም መጀመሪያ ሳቅሁበት። ጥቂት ቆይቼ ግን ሳቄን ተውሁት፤ እኔ ራሴ ከጨዋታ በሚበልጥ ነገር እንዲሁ ሆኜ ነበርና። የዛሬው ትምህርታችንም ስለዚሁ ነው፤ ደረጃ ዘሎ ወጥቶ ግራ የገባው ሰው ምን ያድርግ?

1. የአባቶች መሰላል

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በደረጃ የተሠራ መሆኑን ሁላችንም እንሰማለን። ሕፃኑ በንባብ ቤት ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል። ንባቡም በግዕዝ፣ በውርድና በቁም እየተባለ በየተራ ይወጣል። ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ጆሮው እስኪለይ ድረስ ይመላለስበታል። ዳዊት ሲደግም ቤተ ሰቡ ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት ይከተላሉ።

በቅኔ ቤትም ውስጥ ሌላ መሰላል አለ። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ስልት የታወቀ አገር ስለሆነ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተማሪው አስቀድሞ ግሥ ያጠናል። ግሦች ሁሉ የሚመሩባቸው አርእስት 8 ናቸው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። እነዚህን ማርባት ያልቻለ ሰው መንገድ ሳያውቅ ጫካ እንደ ገባ ነው። ከዚያም ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ይህ 2 ቤት ብቻ ያለው ነው። ቀጥሎ ባለ 3 ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ባለ 5 ቤቱ ዋዜማ፣ ባለ 6 ቤቱ ሥላሴ እያለ ይወጣና 8 ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል።

አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ «ጊዜ ለማባከን ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። በ2 ቤት ውስጥ ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ ቤቱን መምታት የለመደ ሰው በ8 ቤት ውስጥ የሚጨነቅበት ነገር ርዝመቱ ብቻ ነው። ያልለመደ ሰው ግን ግሡም፣ አገባቡም፣ ምሥጢሩም፣ ቤቱም በአንድ ጊዜ ይወድቁበታል። በአካባቢያችን የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃው ከግድቡ በቀጥታ ወደ ማሳው ቢለቀቅ አፈሩን ይዞት ይሄዳል፤ ከትልቁ ቦይ ወደ ትንሹ እየተከፋፈለ ሲደርስ ግን ያበቅላል።

2. እኔ የዘለልኩት

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በአንድ ክረምት ቅኔ ልማር ብዬ ከአንድ ጉባኤ ቤት ሄድኩ። ዳዊት በሥርዓት አልደገምኩም ነበር። ፊደሉን ስለማውቀው ግዕዝ ማንበብ የምችል መስሎኝ ነበር። አብሮ አደጌ በዚያ ቤት መወድስ ደርሶ ስለነበር «ከእኩያዬ ጋር ልቀመጥ» ብዬ የኔታን ለመንኩ። የኔታም «ተቀመጥ ልጄ፤ ራስህ ታየዋለህ» አሉኝ።

አየሁትም። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሬ ሞላ፤ ልቤ ግን ባዶ ነበር። ሌሎቹ በምሥጢሩ ሲደነቁ እኔም እንደ ገባኝ ሆኜ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ወንድሞቼ፣ ከሁሉ የከፋው ይህ ራስ መነቅነቅ ነው። አለማወቅ ሰውን አያዋርደውም፤ ያወቀ መስሎ መታየት ግን የመጠየቂያውን በር ይዘጋበታል። በሁለተኛው ሳምንት ልብሴን ጠቅልዬ ሌሊት ልሄድ ተነሣሁ።

ለጀማሪዎች ቅኔ የሚያስነግር አንድ ልጅ ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል። ጥቅሌን አይቶ «ጋሼ፣ የቱ ላይ ነው የጠፋህ?» አለኝ።

«ሁሉም ጠፍቶኛል» አልኩት።

«ሁሉም አይጠፋም። የምታውቀውን ንገረኝ።»

አፍሬ ዝም አልኩ። ኋላ ግን «ቀተለን አውቃለሁ» አልኩት። «በል አርባው» አለኝ። ቀተለ ገደለ፤ ይቀትል ይገድላል፤ ይቅትል ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል ይግደል ብዬ ወጣሁት። «እንግዲህ የቆምክበት እዚህ ነው፤ ነገ ከዚሁ እንጀምራለን» አለና ሄዶ ተኛ።

በማግሥቱ ከሕፃናቱ ጋር ተቀመጥኩ። ጠዋት ዳዊት ንባብ፣ ቀን ግሥ ሆነ። ሕፃናቱ ሦስት ቀን ሳቁብኝ፤ በአራተኛው ቀን ረሱኝ። ክረምቱ ሲወጣ መወድስ አልደረስኩም። አንዲት ጉባኤ ቃና ግን ቆጥሬ ለየኔታ ነገርኩ፤ ሁለት ቦታ አርመው «ይበል» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ሁለት ቤት ያስደሰተኝ ነገር ጥቂት ነው።

3. የዳዊት ምሳሌ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ላይ ሳኦል ለብላቴናው ዳዊት የራሱን የጦር ልብስ እንዳለበሰው እናነባለን። የናሱ ቁር፣ ጥሩሩ፣ ሰይፉ ሁሉ የንጉሥ ነው። ዳዊት ግን ሊራመድበት ሞክሮ አልሆነለትም፤ አልለመደውምና። ስለዚህ በሰው ፊት አውልቆ አኖረው። ያነሣው የለመደውን ወንጭፍና ከወንዝ የመረጣቸውን 5 ድንጋዮች ነበር። የንጉሥን ልብስ ማውለቅ ለብዙዎች ሽንፈት ይመስላል። ለዳዊት ግን የድሉ መጀመሪያ ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስም በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ወተት የሚያስፈልገውንና ጠንካራ ምግብ የሚችለውን የሚለየው ሕፃኑን ለመናቅ አይደለም፤ ሁሉም በልኩ ተመግቦ እንዲያድግ ነው።

የጨዋታ ሠሪዎች እንኳ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የተባለው የታወቀ የኢንተርኔት ጨዋታ በ2014 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አዲስ ተጫዋችን በአንድ ጊዜ ወደ 90ኛው ደረጃ የሚያደርስ መንገድ ከፈተ። ነገር ግን የዘለለው ሰው እንዳይደናገር በመጀመሪያ ጥቂት ችሎታዎች ብቻ ይሰጡትና ሌላው በልምምድ ቀስ እያለ ይከፈትለት ጀመር። ደረጃው በገንዘብ ተገዛ፤ ልምምዱ ግን የሚገዛ አልሆነም።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. «ምን ጎደለኝ?» ብለህ አትጀምር፤ የጎደለው ተቆጥሮ አያልቅም። «በእርግጥ የማውቀው የመጨረሻው ነገር ምንድን ነው?» በል። መጀመሪያህ እርሱ ነው።

ለ. ሳታፍር ውረድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ቆሞ ደግሞ መታጠቅ ውርደት አይደለም።

ሐ. ሁሉንም በአንድ ቀን አትያዝ። ጸሎት ለመጀመር የፈለገ ሰው የአንድ መነኩሴን ሥርዓት ሙሉውን ቢወስድ በሳምንቱ ይተወዋል። በአባታችን ሆይና በዕለቱ ውዳሴ ማርያም ቢጸና ግን ይቆያል። የሚጨምረውንም ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር።

መ. ከሊቁ በፊት ጥቂት የሚቀድምህን ጠይቅ። እርሱ የወደቀበትን ጉድጓድ ገና አልረሳውም፤ በዕድሜ ቢያንስህም አትናቀው።

ሠ. እርማትን ውደድ። ስሕተቱ የታረመለት ተማሪ ያልተናገረውን ተማሪ ይበልጠዋል።

5. ለቀደምን ሰዎች

የመጨረሻው ቃሌ ለአዲሶቹ ሳይሆን ለእኛ ለቆየነው ነው። በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግል በነበረበት ጊዜ አንዲት እኅት መጣች። በዕድሜዋ ልክ ከወጣቶች ክፍል ተመደበች። ትምህርቱ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ነበር፤ እርስዋ ግን የጸሎት መጽሐፍ ገልጣ የዕለቱን ቦታ ማግኘት እንኳ አትችልም ነበር። መዝሙሩ ሲዘመር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ያ የእኔ ራስ መነቅነቅ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ልብ አላልኩትም። በአራተኛው እሑድ አልመጣችም። የት ገባች ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያ ልጅ እኔን በሌሊት ሲጠይቀኝ የወሰደበት ጊዜ ከደቂቃዎች አይበልጥም። እኔ ለዚያች እኅት ያንኑ ያህል አልሰጠሁም። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከአጠገባችን ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ብናይ፣ ከጉባኤው በኋላ ለብቻው ጠጋ ብለን «የቱ ላይ ነው የጠፋህ?» እንበለው። «ሁሉም» ቢለን አንደንግጥ፤ ሁሉም አይጠፋምና።

ወንድሜም የተዋሰውን ስም ትቶ በራሱ ስም ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሯል። ጓደኞቹ ገና ይቀድሙታል፤ እርሱ ግን ሲሸነፍ ለምን እንደ ተሸነፈ አሁን ያውቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዳዊት የሳኦልን ልብስ ባያወልቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
2. በመንፈሳዊ ሕይወትህ በእርግጥ የቆምክበት የመጨረሻው እርከን የትኛው ነው?
3. ክፍላችን አዲስ ለሚመጣ ሰው አስነጋሪ የሚሆነው ማንን ነው የመደበው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።