«ወላጅ አምጣ!»
ስለ ወላጆች የልምምድ ስብሰባ፣ በጋምቤላ ምሳሌነት

ከመካከላችን «ወላጅ አምጣ!» የሚለውን ቃል በልጅነቱ ያልሰማ ይኖራል ብለን አንገምትም። ቃሉ የሚነገረው መስኮት ሲሰበር፣ ጠብ ሲነሣ፣ ወይም ተማሪው ከትምህርት ሲቀር ነበር። አባት ሥራውን ትቶ፣ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ይመጣሉ፤ በልጃቸው ፊት ተወቅሰው ይመለሳሉ። ልጁ ማንበብ ስለ ጀመረ ወላጁ የተጠራበት ቀን ግን ትዝ አይለንም። ከዚህ የተነሣ ትምህርት ቤት ለብዙ ወላጆች የክስ አደባባይ ሆኖ ቀርቷል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናጠናው ያሰብነው የዚህን ተቃራኒ ነው። ይኸውም መምህሩ ወላጆችን ሰብስቦ ልጃቸው በክፍል የሚማረውን በቤት እንዴት እንደሚያግዙት በተግባር የሚያሳይበት የልምምድ ስብሰባ ነው። ምሳሌ የምናደርጋት ጋምቤላን ነው፤ ችግሩ በዚያ ከባድ ስለሆነ፣ እዚያ የሚሠራ ዘዴ ሌላውን አገር አይከብደውም ብለን እናምናለንና።

እንደሚታወቀው ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ወንዙ በክረምት ሲሞላ መርከቦች ቡና ጭነው ወደ ካርቱም ይወርዱ ነበር። ስለዚህ ከተማዪቱ ከመነሻዋ ብዙ ቋንቋ የሚሰማባት ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ሲሆን፣ ከመቶው 47 ያህሉ ኑዌር፣ 21 ያህሉ አኙዋ፣ 4 ያህሉ መዠንገር ነበሩ፤ የቀሩትም አማራ፣ ከፋ፣ ኦሮሞና ሌሎች ናቸው። ከ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት እጅግ ብዙ ስደተኞች ገብተዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመማር መብት እንዲኖራቸው ደነገገ። በጋምቤላም ኑዌርኛ፣ አኙዋኛና መዠንገርኛ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኑ። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ነገር አስከተለ። ቋንቋዎቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን የተማረው አባት ግን ያነበበው በአማርኛ ስለሆነ የሚያውቀው ሀ ሁን ነው። እንግዲህ ያልተማረችው እናት ቀርታ የተማረው አባት እንኳ የልጁን መጽሐፍ ገልጦ በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን ለማንበብ ይቸገራል። መጽሐፉን ዘግቶ «የመምህሩ ሥራ ነው» ቢል ልንፈርድበት ይገባልን?

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምርመራ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ኑዌርኛና አኙዋኛ ከነዚህ ስድስት ቋንቋዎች ውስጥ አልነበሩም። ሆኖም በ2ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ፣ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ሌላ ምርመራ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ታዲያ የማያነብ ወላጅ ንባብን እንዴት ያግዛል? መልሱን ከሩቅ አገር ምሳሌ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ ባለው የክሬይተን የትምህርት ወረዳ ማሪያ ፓሬዴስ የተባለች የትምህርት ባለሙያ አንድ ዘዴ አወጣች። መምህሩ የክፍሉን ወላጆች በዓመት ሦስት ጊዜ ለ75 ደቂቃ ይሰበስባል፤ ከያንዳንዱም ቤተ ሰብ ጋር አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ ለብቻ ይነጋገራል። በስብሰባው ላይ ለያንዳንዱ ወላጅ የልጁን ደረጃ ያሳየዋል፤ አንድ ጨዋታ ያስተምራል፤ ወላጆችም እዚያው እርስ በርሳቸው ይለማመዱታል። ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ልጁ የሚደርስበትን ግብ ወስነው ይለያያሉ። የዘዴው ብልሃት ንግግሩን አሳጥሮ ልምምዱን ማስረዘሙ ነው።

ይህንን ወደ ባሮ ዳር እናምጣው። መምህሩ ስብሰባውን ሲከፍት «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ዛሬ የጠራኋችሁ ለክስ አይደለም፤ ለመዋጮም አይደለም» ይበል። ይህች ዐረፍተ ነገር ግማሹን ሥራ ትሠራለች። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፤ ለምሳሌ የፊደል ድምፅ መለየት። ከካርቶን ትናንሽ ካርዶች ቆርጦ በፊት በኩል ፊደሉን ይጻፍ፤ በጀርባው ስሙ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ነገር ሥዕል ይሳል፤ ዓሣ ወይም ላም ወይም ጀልባ ሊሆን ይችላል። እናት ፊደሉን ለልጁ ታሳያለች፤ ልጁም ድምፁን ይናገራል። እርሷ በበኩልዋ ሥዕሉን አይታ ትክክል መሆኑን ታውቃለች። እነሆ፣ ማንበብ የማትችል እናት የንባብ ፈታኝ ሆነች!

ሒሳብም እንደዚሁ ነው። የኑዌር አባት ከብቶቹን በቀለማቸውና በዥጉርጉርነታቸው በየስማቸው ይለያል፤ ይህ በመጽሐፍ «መመደብ» የምንለው ትምህርት ነው። የአኙዋ እናት የተጠመደውን ዓሣ ለአራት ቤት ስታካፍል ማካፈልን ታስተምራለች። የመዠንገር አባት በጫካ የሰቀላቸውን ቀፎዎች ሲቆጥር ልጁን ይዞ መሄድ ይችላል። ጉድለቱ እነዚህ ሰዎች ዕውቀት የሌላቸው መሆኑ ሳይሆን፣ ዕውቀታቸው ከክፍሉ ትምህርት ጋር እንደሚገናኝ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ልጁንም «ዛሬ ምን ተማርህ?» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱ «ምንም» ነውና። «እስቲ እኔን አስተምረኝ» ቢሉት ግን ልጁ መምህር ይሆናል፤ ያስተማረውንም አይረሳም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው የቋንቋ ብዛት ነው፤ በከተማው አንድ ክፍል የሦስትና የአራት ቋንቋ ልጆች ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ወላጆች በየቋንቋቸው በቡድን ይቀመጡ፤ ከየቡድኑም አንድ ወላጅ ወይም የላይኛው ክፍል ተማሪ ያስተርጉም። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በክረምት በኢታንግና በላሬ በኩል ጎርፍ ይበረታል፤ በበጋ ደግሞ ከብት አርቢው ውኃና ሣር ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። እንግዲያውስ ሦስቱ ስብሰባዎች የትምህርት ቤቱን ቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን የወንዙንም መቁጠሪያ ይከተሉ። ሦስተኛውና ከባዱ የመምህሩ ድካም ነው። ደመወዙ አነስተኛ፣ ክፍሉ የተጨናነቀ ሆኖ ሳለ ሌላ ሸክም መጨመር ተገቢ ነው ወይ ይባላል። ይህን ጥያቄ አቃለን አናየውም። ርእሰ መምህሩ ለነዚያ ሦስት ቀናት መምህሩን ከሌላ ሥራ ነጻ ካላደረገው ስብሰባው በወረቀት ላይ ይቀራል። የወላጅ መምህር ኅብረትም ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ከሚነጋገርበት ጊዜ ለዚህ ቢከፍል መልካም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም እንጨምር። ለስብሰባው አባቶች ብቻ ከተጠሩ ሥራው ከንቱ ነው። ማታ ከልጁ ጋር በእሳት ዳር የምትቀመጠው ብዙ ጊዜ እናት ናትና፣ ሰዓቱ ለርሷ የሚመች ይሁን።

ወንድሞችና እኅቶች! ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። እኛ እንደነርሱ የሚልከን ባይኖርም በየክረምቱ ወደየቤታችን እንመለሳለን። በቤታችን ታናናሾቻችን አሉ፤ መጽሐፋቸውን መግለጥ የሚፈሩ ወላጆቻችንም አሉ። መቀስና ካርቶን ይዘን ከእናታችን አጠገብ እንቀመጥ፤ ካርዱን ራሳችን ማሳየት ትተን በእጅዋ እናስይዛት። ታናሽ ወንድማችን ድምፁን ሲናገር ጀርባውን ገልብጣ አይታ «ልክ ነህ ልጄ» ስትለው፣ «ወላጅ አምጣ» የሚለው የጥንቱ ቃል ሌላ ትርጉም ማግኘት ይጀምራል።