ሊበርታሪያን ሁሉ መንግሥት ይፍረስ ባይ ነው?

ጥያቄ፦ ሊበርታሪያኖች (የግለሰብን ነፃነት ከሁሉ የሚያስቀድሙ) መንግሥትን የሚክዱ፣ ማኅበር የሚጠሉና ለሀብታም የቆሙ ናቸው ይባላል። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከዲላ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሦስቱም በብዛት የሚነገሩ ናቸው፤ ግን እንዳሉ የሚወሰዱ አይደሉም።

ከእነሱ መካከል መንግሥት ጨርሶ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ፈላስፋው ሮበርት ኖዚክ ግን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተሟገተው ዜጋን ከጥቃት፣ ከስርቆትና ከማጭበርበር ለሚጠብቅ፣ ውልም ለሚያስከብር ውስን መንግሥት ነው። ይርጋጨፌ ላይ እሸት ቡና ሲረከብ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ በእነሱም ዘንድ ጥፋተኛ ነው።

የሚቃወሙት ማኅበርን ሳይሆን ግዳጅን ነው። ገበሬው ወዶ ገብቶ ሲፈልግ የሚወጣበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሐሳባቸው ጋር አይጋጭም። በ2001 ዓ.ም. አብዛኛው የቡና ንግድ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ብቻ እንዲያልፍ መደረጉን ግን በመርሐቸው ይነቅፉታል፤ ገበሬው ገዢውን የመምረጥ ነፃነቱ ይጠብበታልና።

ለሀብታም መቆምን በተመለከተ፣ መንግሥት ለነጋዴ የሚሰጠውን ሞኖፖልና ድጎማ አጥብቀው ይቃወማሉ። ኖዚክም በግፍ የተያዘ ንብረት ይስተካከል ይላል። በ1960 እ.ኤ.አ. በባለመሬቶች ላይ የተነሡት የጌዴኦ ገበሬዎች ጥያቄ ለዚህ መርሕ ባዕድ አይሆንም ነበር።

እውነተኛው ልዩነት መሬት ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሊበርታሪያኑ የቡናውና የእንሰቱ ማሳ ሙሉ በሙሉ የገበሬው ይሁን ሲል፣ ተቃዋሚው በክፉ ቀን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ይሰጋል። መሬት በጠበበበት በጌዴኦ ይህ ስጋት ቀላል አይደለም፤ ክርክራችሁም እዚህ ላይ ቢሆን ፍሬ ይኖረዋል።