በፖቶማክ ዳር ለምትሄጂው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ከጓደኞችሽ ጋር በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የቦይ መንገድ በእግር ልትሄዱ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። «ሜዳ ነው፣ ምን ያስቸግራል» ብለሻታል አሉ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንገድ ቅየሳ ስለሆነ ሜዳ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ሜዳ አደረገው?» ብዬ ነው። ጡረታ ወጥቼ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህም በዚያ መንገድ ብዙ ጫማ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ሳትጠይቂኝ ልምከርሽ።

1. የምትረግጪውን እወቂ።

ቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ይባላል፤ የዋሽንግተን ሰው «ሲ ኤንድ ኦ» እያለ ያሳጥረዋል። ከጆርጅታውን ተነስቶ ወንዙን እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው እስከ ከምበርላንድ ይዘልቃል፤ 184.5 ማይል፣ ወደ 297 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት የሚወጣው ከፍታ 605 ጫማ፣ ማለትም 184 ሜትር ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሲካፈል ስልሳ ሴንቲ ሜትር ግድም ይደርሳል። በሥራ ዘመኔ አንድ ወጣት ቀያሽ እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞልኝ ቢመጣ ኖሮ «ተመለስና እንደገና ለካ» እለው ነበር።

ከፍታው ግን በየኪሎ ሜትሩ እኩል አልተበተነም። ተዳፋት ላይ ያለ ውሃ ይሮጣል፤ በሚሮጥ ውሃ ላይ ደግሞ ጀልባ ወደ ላይ መጎተት ጭንቅ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቦዩን እንደ ደረጃ ሠሩት፦ ረጅም የረጋ ውሃ፣ ቀጥሎ ሎክ የሚሉት የድንጋይ ሣጥን፣ ከዚያ እንደገና የረጋ ውሃ። ሎኮቹ 74 ናቸው፤ አንዱ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያነሳል። ጀልባዋ ስትገባ የታችኛው በር ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቃል፣ ሣጥኑ ሲሞላ ጀልባዋ አብራ ትነሳለች፣ ከዚያ የላይኛው በር ይከፈታል። ሞተር የለም፣ ፓምፕ የለም፤ ክብደቱን ሁሉ የሚያነሳው ውሃው ራሱ ነው። ሎክ ባየሽ ቁጥር ቆም ብለሽ ድንጋዩ እንዴት እንደተገጠመ ተመልከቺ። ጓደኞችሽ ቢቸኩሉ ይሂዱ፣ ትደርሺባቸዋለሽ።

2. ሜዳ እግር ይበላል።

ተራራ ስትወጪ ባትሽ ይሠራል፣ ስትወርጂ ደግሞ ጭንሽና ጉልበትሽ ይረከባሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያርፋል። ሜዳ ላይ ግን ተረኛ የለም። ያው እርምጃ፣ ያው ጅማት፣ ያው የውስጥ እግር ቦታ በሺህ ጊዜ ይመታል። አሥረኛው ማይል ላይ ተረከዝሽና ዳሌሽ ሲያጉረመርሙ የምነግርሽ ይገባሻል። እንጦጦን ሳያርፍ የወጣ ጎረምሳ እዚህ ሜዳ ላይ ሲያነክስ አይቻለሁ።

ከባድ የተራራ ቦት ጫማ አያስፈልግሽም። የለመድሽው የሩጫ ጫማ፣ ግማሽ ቁጥር ሰፋ ያለ፣ ይበቃል፤ እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣልና። የጥጥ ካልሲ እርጥበት ይይዛል፣ እግርሽ ውሃ የሚቋጥረውም ከዚያ ነው፤ ሱፍ ይሻላል። በየሰዓቱ ተቀመጪ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ጣቶችሽን አናፍሺ። ለመጀመሪያ ቀን ስምንት ማይል ካለፍሽ አላደንቅሽም።

3. በቅሎዎቹን አስቢ።

መንገዱ የተሠራው ለአንቺ አይደለም፤ ጀልባ ለሚጎትቱ በቅሎዎች ነው። ስፋቱ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጀልባዋ ርዝመቷ 28 ሜትር ይሆን ነበር፤ ከ100 ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል ተሸክማ ከከምበርላንድ ወደ ጆርጅታውን ትወርድ ነበር። የሚጎትቷት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት በቅሎዎች ነበሩ። በኛ አገር በቅሎ ለሹማምንትና ለቄሶች የክብር መቀመጫ ነበረች፤ እዚህ ግን ገመድ ጎታች አደረጓት።

አያያዛቸው ግን ያስተምራል። አንዱ ቡድን ለስድስት ሰዓት ያህል ይጎትትና ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ወዳለው ጋጣ ገብቶ ይበላል፣ ይተኛል፤ ሌላው ቡድን ይተካው ነበር። ጀልባዋ ላይ የሚኖረው ቤተሰብ ነበር፤ በቅሎዎቹን ከኋላ እየነዱ በእግራቸው ያን ሁሉ የሚሄዱትም ብዙ ጊዜ የካፒቴኑ ልጆች ነበሩ። በቅሎ ስድስት ሰዓት ሠርታ የምታርፍ ከሆነ አንቺ አሥር ሰዓት የምትሄጂበት ምክንያት አይታየኝም።

4. የቆፈሩትን ሰዎች ሳታውቂ አትለፊ።

ሐምሌ 4 ቀን 1828 በፈረንጆች አቆጣጠር ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር ሊቆፍር አካፋ ያዘ። አካፋው ሥር መታበት። ደጋግሞ ቢሞክር እምቢ ስላለው ኮቱን አውልቆ ቆፈረና ሕዝቡ አጨበጨበለት። በዚያው ቀን ባልቲሞር ላይ የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር መሥመር የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሁለቱም ዓላማቸው አንድ ነበር፦ ተራራውን ተሻግሮ ኦሃዮ ወንዝ መድረስ።

ከአዳምስ በኋላ የቆፈሩት ግን ኮት የሚያወልቁ ሰዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ ድሆች ናቸው፤ በእጃቸው፣ በዶማና በባሩድ ነው የሠሩት። በ1832 ኮሌራ ገብቶ ብዙዎቹን ጨረሰ። በ1834 ሠራተኞቹ በትውልድ አካባቢያቸው ተቧድነው ሲጋጩ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የፌዴራል ጦር ላከባቸው። ያ ሁሉ ተከፍሎ ቦዩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። ባቡሩ በ1842 ቀድሞ ገብቶ ነበር። ለቦዩም ኦሃዮ ወንዝ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ።

እንደ ቀያሽ ሥራውን አደንቃለሁ፤ እንደ ገንዘብ ቆጣሪ ግን ራሴን እይዛለሁ። የ1889 ጎርፍ ኩባንያውን አከሰረው፤ ቦዩም ተቀናቃኙ በነበረው በባቡሩ ኩባንያ እጅ ወደቀ። የ1924 ጎርፍ ደግሞ ጀልባዎቹን ለዘለቄታው አቆመ። መንግሥት በ1938 በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከጆርጅታውን በኩል ያለውን 22 ማይል ያደሱት በዚያን ጊዜ በነበረው የድህነት ዘመን በመንግሥት ካምፕ የተቀጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው። በጆርጅታውን በኩል ስትሄጂ ከእግርሽ ሥር ያለው የእነሱም ላብ ነው።

5. ግሬት ፎልስን እዪ፣ ወንዙን ግን ፍሪ።

ቤተሰዳ በኩል ሰቨን ሎክስ ሮድ የሚባለውን መንገድ ሁልጊዜ ትነጂበታለሽ። ስሙ ከዚሁ ቦይ ነው፤ ከ8ኛው እስከ 14ኛው ያሉት ሎኮች አንድ ማይል በሚሆን ርቀት ተደርድረዋል። ከእነሱ አልፈሽ፣ ከጆርጅታውን ሲቆጠር 14ኛው ማይል ላይ ግሬት ፎልስ አለ። እዚያ ከ15 እስከ 20 ያሉትን ሎኮች ትወጪና ድሮ የእንግዳ ማረፊያ የነበረውን ነጭ ቤት ታገኛለሽ። መኪና ይዘሽ ከገባሽ ይከፈላል።

ቦዩ የዋህ ነው፤ ከጎኑ ያለው ወንዝ ግን አይደለም። ፏፏቴው አካባቢ ላዩ ጸጥ ያለ በሚመስል ቦታ ሥሩ ይጎትታል፤ ሰው ሁልጊዜ ይሞትበታል። መዋኘት ክልክል ነው። እግር ለመንከርም፣ ለፎቶም ብለሽ ድንጋዩ ላይ አትውረጂ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

6. ስንቅ።

ከከተማው ከራቅሽ ሱቅ የለም። በየተወሰነ ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጀ ድንኳን መትከያ አለ፤ የእጅ ፓምፕ፣ ጠረጴዛና መጸዳጃ ይኖረዋል። ውሃው የመድኃኒት ጣዕም ቢኖረውም ጠጪው። በብርዱ ወራት ፓምፖቹ ስለሚዘጉ ያኔ ውሃሽን ከቤት ያዢ። ለምግብ በሶና ዳቦ ቆሎ የሚያህል የለም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ በጾምም ይሆናል። እነዚያን በወረቀት የተጠቀለሉ ጣፋጮች ለጓደኞችሽ ተዪላቸው።

7. ሦስት ቅጠል።

በአንድ ግንድ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል የሚያብለጨልጭ ቅጠል አትንኪ፤ ፖይዝን አይቪ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ከጉልበትሽ ጀርባ፣ ከብብትሽና ከፀጉርሽ ሥር መዥገር ፈልጊ።

8. ሽማግሌ ሲያልፍሽ አትናደጂ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦዩን ተከትሎ የመኪና መንገድ ሊሠራ ታቅዶ ነበር፤ ዋሽንግተን ፖስትም ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፈ፦ መጀመሪያ አብረን በእግር እንሂድበት፣ ከዚያ ሐሳብህን ትቀይር ይሆናል የሚል ነበር። መጋቢት 1954 ከከምበርላንድ ተነሱ። በበረዶና በጭቃ ስምንት ቀን ሄዱ፤ ከብዙ ተጓዦች መካከል ሙሉውን በእግራቸው የጨረሱት ዘጠኝ ናቸው። የ55 ዓመቱ ዳኛ አንዱ ነበር። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ፤ ቦታውም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እኔ የመኪና መንገድ ሠሪ ነኝ፣ ያን ጊዜ ብጠየቅ ምን እል እንደነበር ግን አትጠይቂኝ።

9. ፖ ፖ ዋሻን ለኋላ አቆዪው።

155ኛው ማይል ላይ ቦዩ ተራራ ውስጥ ይገባል። የወንዙን ረጅም መጠማዘዝ ለመቁረጥ ብለው 950 ሜትር ፈለፈሉ፤ ሊ ሞንትጎመሪ የሚባል የሜቶዲስት ሰባኪ የነበረ ተቋራጭ ነው የጀመረው። በ1836 ሲጀመር በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። ይህን ሳነብ የአገሬ ፕሮጀክቶች ሁሉ ትዝ አሉኝና ሳቅሁ።

ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ጀልባ አያሳልፍም። አንድ ጊዜ ሁለት ካፒቴኖች መሐል ላይ ተገናኝተው «አንተ ተመለስ፣ አንተ ተመለስ» እያሉ ለቀናት ተፋጠጡ ይባላል። በመጨረሻ የአካባቢው ኃላፊ ነፋስ በሚገባበት አፍ እርጥብ የበቆሎ አገዳ አነደደና ጢሱ ሁለቱንም አስወጣቸው። ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን የግትር ሰው ታሪክ ስለሆነ አምነዋለሁ። ስትገቢ ባትሪ ያዢ፤ መሐሉ ድቅድቅ ነው፣ ወለሉም ውሃ ይቋጥራል።

10. የመመለሻውን ነገር ሳታስተካክዪ አትነሺ።

ሜዳ ስለሆነ ሳታውቂው ትርቂያለሽ፤ የሄድሽው ማይል ሁሉ ደግሞ ይመለሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ብራንስዊክና ሀርፐርስ ፌሪ የሚሄደው ባቡር የሠራተኛ ባቡር ነው፤ ጠዋት ወደ ከተማ ይገባል፣ ከሰዓት ይወጣል፣ ለቅዳሜ ጉዞ አይሆንሽም። እንዲህ አድርጊ፦ የጓደኛሽን መኪና 55ኛው ማይል ላይ ብራንስዊክ አቁሙ። እኔ ሀርፐርስ ፌሪ አደርሳችኋለሁ፤ ጆን ብራውን በ1859 የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ከተማ ናት፣ ግማሽ ሰዓት ስጧት። ከዚያ በባቡሩ ድልድይ ጎን ባለው የእግረኛ መተላለፊያ ፖቶማክን ተሻግራችሁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ታዘቀዝቃላችሁ። ስድስት ማይል ያህል ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት በሬ ላይ ሁኑ፤ ዓርብ ማታ ግን ደውዪልኝ፣ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ለሚቀጥለው ሳምንት እናስተላልፈዋለን።